ባናው ላይ ያልቀረው አተላ

ወዳጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ፣ እኔ ጋኔን፣ ዛር፣ ጭራቅ የሚባል ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ፣ አውሪው ለማስፈራራት ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ከኋላው ሄጄ «ው!» ብዬ የማስበረግግ ሰው ነኝ፣ እንዲያውም ብቸና ውስጥ ሰው ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ራሴ ነበርኩ፣ ምክንያቱም ከብረት ጋር የሚውል ሁሉ ቡዳ ነው ተብሎ ይታማል፣ እኔም ሐሜቱን ከማስተባበል ይልቅ መጠቀሚያ አደረግኩት፣ ወፍጮ ቤት ወረፋው ሲረዝምብኝ የፊተኛዋን ሴትዮ ዱቄት ትክ ብዬ ማየት ብቻ ነው፣ ወዲያው «እለፍ ጌታዬ፣ እለፍ!» ትለኛለች። ታዲያ ቡዳ የተባለ ሰው ጋኔን ይፈራል? አልፈራም ነበር።

አጋናኝ መሆኔንም አልክድህም። በየጁቤ በኩል ቁልቁል ወርጄ አባይ ላይ ያየሁትን አዞ ባወራሁ ቁጥር አንድ ክንድ ይጨምራል፣ አሁን ጭንቅላቱ አባይ ላይ ሆኖ ጅራቱ የጁቤ ገበያ ገብቷል። ይህን የምነግርህን ግን እቀንስለታለሁ እንጂ አልጨምርለትም፣ ሙሉውን ከነገርኩህ እኔው ራሴን አላምነውም። ደግሞ ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥመው በውድቅት ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጅብ ጮኾ፣ እኔን የገጠመኝ ግን በቀትር ነው፣ ዓይኔ ቦግ ብሎ፣ በገዛ ሱቄ ውስጥ።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ሥራዬ መለበጥ ነበር። አዲስ አበባ አንድ አርመን ዘንድ ተቀጥሬ ተማርኩና ብቸና ተመልሼ ከወፍጮ ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ተከራየሁ፣ ከወፍጮው ሞተር በተዘረጋልኝ ሽቦ ኤሌክትሪክ እያገኘሁ የመኳንንቱን የበቅሎ ልጓም፣ የሙሽራ ማንኪያ፣ የአብያተ ክርስቲያናት ጽናሕና መስቀል ብርና ኒኬል አለብሳለሁ። ሁለት ገንዳ ነበረኝ፣ አንዱ የሚያለብስ፣ አንዱ አሮጌውን ቅብ በአሲድ የሚገፍ። ሰው የሚመስለው ሥራው ማልበሱ ነው፣ ዋናው ሥራ ግን ማጥለሉ ነው፣ እመነኝ። ገንዳ ሲውል ሲያድር እንደ ጠላ ይጎሻል፣ የተገፈፈው ቅርፊት፣ ዝገቱ፣ አቧራው ይዋኝበታል፣ ባልተጠለለ ገንዳ የገባ ዕቃ ኩፍኝ እንደወጣበት ሕፃን ሽፍ ብሎ ይወጣል። አርመኑ የሚያጠልለው በውጭ አገር ጨርቅ ነበር፣ እኔ በጥጥ ብሞክር አሲዱ ጥጡን በላው፣ የጎረቤቴን የጠጅ ሻጯን የእትዬ ጥሩወርቅን ማጥለያ ተበድሬ ቀዳዳውን ብቻ መለስኩላት፣ በመጨረሻ ባና ሞከርኩ፣ ያንን ወፍራሙን የደጋ በግ ጠጉር፣ እሱን አሲዱ አልደፈረውም። ባናውን እንደ ከረጢት ሰፍቼ ከሰል ነጥፌበት ከወራጁ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ከሥር ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ አኖራለሁ፣ ጉሹን ከላይ እገለብጣለሁ። የሚጠለል ነገር ወይ ከላይ ይቀራል ወይ ከታች ይወርዳል፣ ሦስተኛ ቦታ የለውም፣ ይህን ጠጅ የጣለች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

የፍልሰታ ጾም ተጋምሶ ሳለ አንድ ቄስ በጭቃ የተለወሰች በቅሎ እየሳቡ ከሞጣ በኩል መጡ። መምሬ አስረስ ይባላሉ፣ ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ደብር ገበዝ ናቸው፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ ማለት ነው። የደብሩን ስም አልጠራም፣ አንተም አትጠይቀኝ።

«ምናሉ ማለት አንተ ነህ? ነፍሴን ይዤልህ መጣሁ» አሉኝ።

«ነፍስ አልለብጥም መምሬ፣ ገንዳዬ ትንሽ ነው።»

አልሳቁም። ከብብታቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት፣ ጸናጽል ነው፣ ውጩ እንደ ሳንቲም የሚያብለጨልጭ ርካሽ ቅብ ያለው። አንስቼ ሳወዛውዘው ቅጠሎቹ፣ ማለት በሽቦዎቹ ላይ የሚንሸራተቱት ስስ ክብ ብረቶች፣ ቋ ቋ አሉ፣ ጸናጽል ሳይሆን በኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ነው የሚመስለው።

«የብር ጸናጽል ነበር፣» አሉ መምሬ፣ «አንድ የጥንት ባላባት ለደብራችን የሰጡት። ደብዝዞ ሳየው እንዲያምር ብዬ ሞጣ ገበያ ለመጣ ቆርቆሮ ሠሪ ሰጠሁት፣ ይህን ቀባብቶ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ተለወጠ አሉኝ። ብሩን ሸጦ ሌላ ብረት አመጣልን አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«ቅቡ ነው ያነቀው አልኩ። ሽማግሌዎቹም እንግዲያው አስገፍፈህ አምጣ፣ ፍልሰታ ሲፈታ በሕዝብ ፊት የዜማ መምህራችን የኔታ ፈንታ ይስሙት ብለው ፈረዱ፣ እስከዚያም ቁልፉን ተቀበሉኝ። የኔታ ዓይናቸው አያይም፣ ጆሯቸውን ግን ማንም አያታልለውም፣ በዚህ ጸናጽል ዕድሜ ልካቸውን ዘምረዋል። ይኸው ነው ካሉ እኔም ሰው ነኝ። አይደለም ካሉ ግን የቤተ ክርስቲያን ሌባ ነኝ፣ ሚስቴን ማን እግዜር ይማርሽ ይላታል? ልጄን ማን ያገባታል? ስሞት ማን ይፈታኛል?»

እኔም ለአንድ አፍታ ቀልዴን ዋጥኩት፣ ለእኔ ይህ ትልቅ ጾም ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ሥራ ጀመርኩ። ቅጠሎቹን ከሽቦዎቹ አውጥቼ ቀድሜ ገፈፍኳቸው፣ አጥቤ አድርቄ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግቼ ደረደርኳቸው፣ ቀጥሎ ዋናውን፣ እጀታውንና ቅስቱን፣ በመዳብ ሽቦ አንጠልጥዬ ገንዳው ውስጥ ነከርኩት። መምሬ አስረስ ከበርጩማው አልተነሱም፣ ዓይናቸው ከገንዳው አልተነቀለም። ከሰል ልፈልግ ዞር ብዬ ስመለስ ከትንሿ ቅላቸው አንድ ነገር ወደ ገንዳዬ ሲያንቆረቁሩ ደረስኩ።

«ምን እያደረጉ ነው መምሬ!»

«ባረክሁት።»

«ምኑን?»

«መርዙን ነዋ! የእመቤታችን ዕቃ ባልተባረከ መርዝ ሲነከር ቁጭ ብዬ ልይ? ጸበል ነው፣ ከደብራችን ምንጭ የተቀዳ።»

ገንዳው ዓይኔ እያየ ወተት ሆነ። እስከዚህ ድረስ ተአምር የለበትም፣ ምንጩ ጨዋማ ነው፣ ገንዳው ውስጥ ደግሞ ከስንት ዕቃ የተገፈፈ ብር ሟሙቷል፣ ጨውና እሱ ሲገናኙ እንዲህ እርጎ እንደሚሆኑ አርመኑ አሳይቶኛል። ሥራው ግን ተበላሸ። ቅስቱን አፈፍ አድርጌ አወጣሁና አለቅልቄ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀልኩት፣ ግማሹ ተገፍፎ ግማሹ ገና ነው።

«ይህ ይደፋና ሌላ አሲድ ከአዲስ አበባ ይምጣ፣» አልኩ።

«እስኪመጣ ፍልሰታ ተፈትቶ እኔ ተዋርጄ! ደግሞስ የት ነው የምትደፋው? ጸበል የገባበትን ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ? ጠብታ እንዳታፈስ፣ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሃለሁ!»

አየህ ነገሩን? አይደፋ፣ ጸበል ነው፣ አይጠጣ፣ አሲድ ነው፣ አይሠራበት፣ ጉሽ ነው። የቀረው ማጥለል ብቻ ነው። ባናዬን አጥቤ ሰቀልኩ፣ ከሰሉን ነጠፍኩ፣ ወተቱን ቀስ ብዬ ገለበጥኩ። መምሬ አስረስ የቅዳሴ ሰዓት ደርሶባቸው፣ በፍልሰታ ቅዳሴው ቀትር ላይ ነው፣ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ እየዞሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የወፍጮው ባለቤትም ሞተሩን አጥፍቶ ተከተላቸው። ያ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሲያንባርቅ ስለሚውል ጸጥ ሲል ጆሮህ ውስጥ ሌላ ዓይነት ዝምታ ይገባል፣ ሰውነትህ ሁሉ ጆሮ ይሆናል። ውጭ ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ይወርዱ ነበር፣ ሕፃናት «ጅብ ወለደች» እያሉ የሚጨፍሩበት ዓይነት፣ ግን የዚያን ዕለት ሕፃን እንኳ አልነበረም።

ጠብ። ጠብ። ጠብ ጠብ።

መጀመሪያ አላስተዋልኩትም። የአንድ ልጓም ቀለበት በአሸዋ እያሸሁ ነበር፣ ቆይቶ ግን እጄ ከጠብታው ጋር እየሄደ መሆኑን አየሁ፣ ሁለቴ ረጋ፣ ሁለቴ ፈጠን፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። በልጅነቴ ዜማ ቤት ገብቼ በቀልዴ ምክንያት የተባረርኩ ሰው ነኝ፣ ትንሿን ነገር ግን ጆሮዬ ይዟታል፣ ይህ የዝማሜ ምት ነው፣ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ገና ቀስ እያሉ ሲጀምሩት ያለው። ሳቄ መጣ። «ባናዬ ደብተራ ሆነ!» አልኩና እንደ ልማዴ ልበጥብጠው ብዬ ጠረጴዛውን በተሳሳተ ምት መታ መታ አደረግኩት።

ጠብታው ቆመ።

እኔም ቆምኩ። ከረጢቱ ሙሉ ነው፣ ከታቹ እርጥብ ነው፣ ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ አትወርድም። ጥቂት ቆየና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ ልክ ተማሪው ሲሳሳትበት ሳይቆጣ «እንደገና» እንደሚል መምህር። ሙት ብዬ እምልልሃለሁ፣ ሁለተኛ አሳሳትኩት፣ አሁንም ቆመ፣ አሁንም ከመጀመሪያው ጀመረ፣ ያን ጊዜ ግን ጠብታው ብቻውን አልነበረም፣ ከጠርሙሱ ውስጥ፣ ከሥር፣ በጣም ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ ጽል... ጽል...

ጠረጴዛውን አየሁ፣ ቅጠሎቹ ጨርቁ ላይ እንደደረደርኳቸው ናቸው፣ አንዷም አልተነቃነቀችም። ግድግዳውን አየሁ፣ ቅስቱ ባዶውን ከምስማሩ ተሰቅሏል፣ ቅጠል የሌለው ጸናጽል ደግሞ ጥርስ እንደሌለው ውሻ ነው፣ አይጮህም። ድምፁ ግን አለ። ደግሞ ቋ ቋ የሚለው የጠዋቱ ድምፅ አይደለም፣ ወፈር ያለ፣ ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱ ምት ካለቀ በኋላ አየር ላይ የሚቆይ ድምፅ ነው።

በዚህ መሐል በሩ ተገፋና እትዬ ጥሩወርቅ እጇን በመቀነቷ እያበሰች ገባች።

«አንተ ምናሉ፣ እውስጥ ማንን ነው የምታስዘምረው? ዲያቆኑ የት ገባ?»

«የምን ዲያቆን?»

«ጸናጽል የሚመታው ነዋ! ከጓሮ ሆኜ ስሰማው ቆይቼ ልየው ብዬ መጣሁ፣ እንዴት ያለ እጅ ነው እቴ! ወይስ ደግሞ ልትጫወትብኝ...»

ጽል... ጽል... ጽል ጽል።

ቃሏን አልጨረሰችም። ጠርሙሱን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች፣ የእኔ ፊት ላይ ያየችው ነገር ከሁሉ የባሰባት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሳልስቅ አይታኝ አታውቅም። «በስመ አብ!» ብላ አማተበችና ነጠላዋን እዚያው ጥላ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ነጠላውን ራሴ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥዬ ነው የመለስኩላት፣ ዛሬም ድረስ ስለዚያ ቀን ሳነሳባት «የምን ቀን?» ትለኛለች።

የቅዳሴው ማብቂያ ደወል ሲሰማ ጠብታው ቆመ፣ ጽል ጽሉም ቆመ። መምሬ አስረስ ገቡ። እኔ ቀና ብዬ ከረጢቱን ነካሁት፣ ባዶ ነው። አወረድኩት፣ ገልብጬ አየሁት። ወዳጄ፣ ስንት ዘመን ያጠለልኩ ሰው ነኝ፣ ያን የሚያህል ወተት ሲጠለል ባናው ላይ ቢያንስ ቢያንስ የአይብ ያህል ዝቃጭ መቅረት አለበት። ምንም አልነበረበትም። ከሰሉ ላይ ነጭ ነገር የለም፣ ጠጉሩ ላይ የለም። እንግዲያው ሁሉም ወደ ታች አልፏል ብዬ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳሁት፣ ምንጭ ውሃ ነው፣ ጣቴን ከማዶ ስዘረጋ የጥፍሬ ቆሻሻ ይታየኛል። ከላይ የለም፣ ከታች የለም። ያ ሁሉ ነጭ የት ሄደ?

«አየህ፣» አሉ መምሬ ደስ ብሏቸው፣ «ጸበሉ ነው ያጠራው።»

ቅስቱን በዚያው ውሃ መልሼ ስነክረው የቀረው ቅብ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ከሥር ነጭ፣ የጠራ ብረት ወጣ። ብር ነው? ወዳጄ፣ ብር ይመስላል፣ እኔ ደግሞ ብር የማስመሰል እንጂ ብር የመመርመር ሥራ የለኝም። ቅጠሎቹን ሰክቼ ላሰማው ስል መምሬ እጄን ያዙኝ፣ ቅጠሎቹን በጨርቅ ጠፍረው አሰሩ። «ከየኔታ በፊት ማንም አይሰማውም» አሉ። ያን ጊዜ ትሕትና መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ ቅቡን የገፈፈው ሰው ራሱ መጥቶ ዕቃውን እንዳልለወጠ ይማልልን ብለው ነበርና አብሬያቸው ወጣሁ። ስለ መንገዱ ጭቃ አላወራህም፣ በቅሎዋ ከጆሮዋ በቀር አልታየችም ብልህ አጋነነ ትለኛለህ። ሞጣ ደርሰን አደርን፣ በበዓሉ ዕለት ወደ ደብሩ ወጣን። ቅጽሩ በሰው ሞልቷል። ማልኩ። መምሬ አስረስ ሚስታቸውና ልጃቸው ባሉበት ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። የኔታ ፈንታን አንድ ተማሪ እጃቸውን ይዞ አመጣቸው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊታቸውን ወደ ላይ ያነሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ጨርቁ ተፈትቶ ጸናጽሉ በእጃቸው ተቀመጠ።

አንድ ጊዜ ወዘወዙት።

እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከጠርሙሱ ሥር የሰማሁት ነው፣ ወፈር ያለው፣ አየር ላይ የሚቆየው። የኔታ ፈንታ ደግመው አልወዘወዙትም። መምሬ አስረስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኸው ነው፣» አሉ የኔታ። «ሰውየውን ተዉት።»

እልልታው ቀለጠ። ሚስትየዋ መሬት ሳመች፣ ሽማግሌዎቹ ቁልፉን በሕዝብ ፊት መለሱላቸው፣ እኔንም የሚያቅፈኝ በዛ። በዚያ ግርግር መሐል የኔታ «ያ ያጠበው ልጅ የት አለ?» ብለው አስጠሩኝና ከዋርካው ሥር ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ ተማሪውን ራቅ በል አሉት።

«ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«ከዚሁ ነው የኔታ፣ የደብራችሁ ጸናጽል ነው፣ ቅቡን ገፈፍኩት እንጂ...»

«የደብራችን ጸናጽል ድምፁ ቀጭን ነበር፣ የሴት ልጅ ድምፅ ነው የሚመስለው። ይህ እሱ አይደለም።» ጸናጽሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ከደኑት፣ እንዳይሰማን የሚፈልጉ ይመስላል። «ይህ የመምህሬ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ መምህሬ ከበጌምድር ሲመለሱ ክረምት ነበርና አባይ ወሰዳቸው። እኔ ከወዲህኛው ዳር ቆሜ እጠብቃቸው ነበር፣ ያን ጊዜ ዓይኔ ያያል፣ ጸናጽላቸውን ከውሃው በላይ ከፍ አድርገው ይዘውት ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። እሳቸውም አልተገኙ፣ እሱም አልተገኘ።»

«ታዲያ የኔታ፣ ለምን ይኸው ነው አሉ?»

«መምህሬ በሕዝብ ፊት ሲጠሩኝ አላውቃቸውም ልበል?» አሉ።

«መምሬ አስረስስ? ንጹሕ ናቸው ማለት ነው?»

«እሱን እኔ አልተጠየቅሁም» አሉና ተነሡ፣ ተማሪውን ጠሩት፣ ማኅሌቱ ተጀምሮ ነበር። ገብተው ሲወዘውዙት የሰው ሁሉ ፊት በራ፣ እኔ ብቻ ጸጉሬ ቆሞ በአጥሩ ጥግ ወጣሁ።

መምሬ አስረስ ከቅጽሩ ውጭ በቅሎዋን ጭነውልኝ ይጠብቁኝ ነበር፣ እስከ መንገዱ መገንጠያ ሸኙኝ። የተመለሰላቸው ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው። ደስ ያላቸው ሰው መሆን ነበረባቸው፣ ነገር ግን መንገዱን ሁሉ ቁልፉን በጣታቸው ሲያገላብጡ ሄዱ፣ ልንለያይ ስንል ነው የተናገሩት።

«የኔታ ብቻህን ምን አሉህ?»

«መረቁኝ» አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል?

«ድምፁ ልክ ነው አሉ?»

«ሕዝብ ፊት እኮ ነው የተናገሩት፣ እርስዎም ሰምተዋል መምሬ።»

የበቅሎዋን ጆሮ አሻሹ። «ልክ ሊሆን አይችልም እኮ፣ ያኛው የት እንዳለ አውቃለሁ» አሉ በቀስታ፣ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት፣ ለራሳቸውም አይመስለኝም። ከዚያ ቀና ብለው ያሉትን መስማቴን ከፊቴ ፈለጉ፣ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም እንዳልሰማ ሰው የበቅሎዋን ጭነት ማጥበቅ ጀመርኩ።

ያ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ቁልፉ አሁንም በእሳቸው እጅ ነው፣ ልጃቸውም በወግ ተድራለች። ሞጣ ደርሰው የሚመጡ ነጋዴዎች ሲያወሩ ግን፣ በየበዓሉ ገበዙ ጸናጽሉን ከዕቃ ቤት ሲያወጡ በባዶ እጃቸው አይነኩትም ይላሉ፣ በጨርቅ ይዘው ነው ለየኔታ የሚያቀብሉት፣ የኔታም ሲቀበሉ ጸናጽሉን ብቻ አይደለም የሚይዙት፣ የገበዙን እጅ አብረው ይይዛሉ፣ ማኅሌቱ ሊጀመር ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ፣ ይዘው ያቆዩታል።